72 ከመቶ አሜሪካ ሲደርስ ስንት ነው?

የቢቸናና የሞጣ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚህ ልመልስ።

1. ከመቶው ሳይሆን ከፊደሉ ተነሱ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን 72 ከመቶ ቢ ነው፤ በተለመደው የአሜሪካ አሰጣጥ ግን ሲ ወይም ሲ ማይነስ ይሆናል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችሁ የነጥብ አሰጣጥ ሰንጠረዥ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብሮ ይሂድ።

2. የእኛና የአሜሪካ አሰጣጥ ሁለቱም ከ4 ቢሰሉም ነጥባቸው ይለያያል። ቢ ፕላስ እኛ ጋ 3.5፣ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ነው። በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ቢ ፕላስ፣ በባለ 4 ክሬዲት ቢ አመጣችሁ እንበል።
በእኛ፦ (10.5 + 12) ÷ 7 = 3.21
በእነሱ፦ (9.9 + 12) ÷ 7 = 3.13

3. የምታመለክቱበት የአሜሪካ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ቀይሩ ካላላችሁ ራሳችሁ አትቀይሩ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እንዳለ ሙሉ።

4. ትምህርት ቤቱ የውጭ ግምገማ ከጠየቀ ከመክፈላችሁ በፊት ዓይነቱን አጣሩ። ለምሳሌ የገምጋሚው ድርጅት የደብሊው ኢ ኤስ «ኮርስ በኮርስ» ሪፖርት ጂፒኤ ያሰላል፤ «ሰነድ በሰነድ» የሚባለው አያሰላም።

5. ደብረ ማርቆስም ተማሩ ባሕር ዳር፣ ለግምገማ የሚሆነው ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይተካውም። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለባችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ አለበለዚያ ትራንስክሪፕቱ ላይላክላችሁ ይችላል።