ሚዛን ያቆመው ቤት፦ በሸራ ጀልባ ላይ የመኖር ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 1897 ጆሹዋ ስሎከም የተባለ አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ በሕንድ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የኪሊንግ ኮኮስ ደሴቶች ደረሰ። የመጣው ስፕሬይ በተሰኘች፣ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ባለ ሸራ ጀልባ ሲሆን፣ በውስጧ ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ከአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ካለችው ተርስዴይ ደሴት ተነሥቶ 2,700 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ23 ቀናት ተጉዟል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መሪውን በእጁ የያዘው በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንደ ነበር ጉዞውን በተረከበት መጽሐፉ ገልጿል። በቀረው ጊዜ ምግቡን ያበስል፣ ያነብና ይተኛ ነበር። ታዲያ ጀልባዋን ማን ይመራት ነበር?

ዛሬም በሞቃታማው የምድር ክፍል ከደሴት ወደ ደሴት እየተጓዙ፣ ጀልባቸውን ቤታቸው አድርገው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ኑሯቸው ከሩቅ ለሚያየው ዕረፍት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን በብዙ ሚዛኖች ላይ የቆመ ኑሮ ነው። ከሚዛኖቹ አንዱ ሲዛነፍ የሚጎዳው የፈተና ውጤት ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው።

የጉልበቶች ሚዛን

የተወጠረ ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ይይዛል። ነፋሱ ሸራውን ታክኮ ሲያልፍ አቅጣጫውን ይለውጣል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት፣ ሸራው ነፋሱን ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ነፋሱም ሸራውን በእኩል ጉልበት ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋዋል። የዚህ ጉልበት ከፊሉ ጀልባዋን ወደ ጎን ይገፋታል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ፊት። ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውኃው የሚወርደው ሰፊ አካል የጎንዮሹን ግፊት ስለሚቋቋም ጀልባዋ በአመዛኙ ወደ ፊት ትሄዳለች። በዚህም ምክንያት ባለ ሸራ ጀልባ ከነፋሱ መምጫ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ መጓዝ ትችላለች። በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ስለማይቻላት ግን በዚያ አቅጣጫ ያለ ደሴት ላይ የምትደርሰው ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘች ነው።

የስሎከም ምሥጢር ደግሞ ቶርክ በሚባለው የማዞር ጉልበት ላይ ያረፈ ነው። ነፋሱ በሸራው ላይ፣ ውኃው በጀልባዋ አካል ላይ የሚያሳርፉት ጉልበት በአንድ መሥመር ላይ ካልዋለ ጀልባዋ ትዞራለች። ሸራዎቹ በልክ ተስተካክለው መሪው ከታሰረ ግን የማዞሪያ ጉልበቶቹ ድምር ዜሮ ይሆናል። ማዕበል ጀልባዋን ከአቅጣጫዋ ቢያስወጣት ሚዛኑ ለጊዜው ይዛነፍና የተፈጠረው ቶርክ ራሱ ወደ ቀድሞ አቅጣጫዋ ይመልሳታል። በፊዚክስ ይህ የጸና ሚዛን ይባላል። እንግዲህ ስሎከም ተኝቶ ሳለ ጀልባዋን የመራት ይኸው ነው።

ፍጥነትና የዐይን ዳርቻ

ጀልባ ስትጓዝ ሞገድ ትፈጥራለች። የሞገዱ ርዝመት ከጀልባዋ የውኃ መሥመር ርዝመት ጋር ሲተካከል፣ ጀልባዋ ራሷ የፈጠረችውን ሞገድ እንደ ዳገት ለመውጣት ትገደዳለች። በጥልቅ ውኃ የሞገድ ፍጥነት የሚገኘው የስበት ፍጥንጥነትን በሞገዱ ርዝመት አባዝቶ፣ ለሁለት ፓይ አካፍሎ፣ ዳግም ዘሩን በመውሰድ ነው። ለ10 ሜትር ርዝመት ስሌቱ በሰከንድ 3.95 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጠናል። የስሎከም አማካይ ፍጥነት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በጀልባ የሚኖር ሰው በብስክሌተኛ ፍጥነት ውቅያኖስን የሚያቋርጥ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል።

የሚፈለገው ደሴት ደግሞ ከባሕር ወለል በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ያለ የኮራል ምድር ነው። ምድር ክብ ስለሆነች 20 ሜትር ቁመት ያለውን የኮኮናት ዛፍ፣ ዐይኑ ከባሕሩ 6 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ሊያየው የሚችለው ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ5,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ በ25 ኪሎ ሜትር ላለመሳት የሚፈቀደው የአቅጣጫ ስሕተት ከአንድ ዲግሪ ሲሶ ያነሰ ነው! የቀድሞዎቹ መርከበኞች የቀትር ፀሐይን ከፍታ እየለኩ ከምድር ወገብ ያላቸውን ርቀት ያሰሉ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ ሳተላይት ይሠራዋል። ይሁን እንጂ በኮራሉ መካከል ባለው ጠባብ በር ለመግባት አሁንም ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ እስክትሆን ይጠበቃል። ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚመጥ ጥልቁ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጥልቀት የሌለው አረንጓዴ መሰል፣ ኮራሉ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን ማንበብ ያልቻለ ሰው ቤቱን በድንጋይ ላይ ይሰብራል።

የውኃና የኃይል ሒሳብ

ስሎከም ቀደም ሲል ከኹዋን ፈርናንዴዝ ደሴት እስከ ሳሞዋ ወደብ ሳይነካ 72 ቀናት ተጉዞ ነበር። አንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር ብቻ ቢጠቀም ለዚህ ጉዞ 288 ሊትር ያስፈልገዋል። በዙሪያው ያለው ባሕር አይጠቅመውም፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ኩላሊታችን ይህን ጨው ለማስወገድ ከተጠጣው የበለጠ ውኃ ስለሚያወጣ የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ይበልጥ ይደርቃል።

መፍትሔው ከሰማይ ወይም ከማሽን ይገኛል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የተዘረጋ ሸራ 25 ሚሊ ሜትር ከሚወርድበት ዝናብ 150 ሊትር ያጠራቅማል። ማሽኑ ደግሞ የኦስሞሲስን ተፈጥሯዊ አቅጣጫ ይገለብጣል። የባሕር ውኃ ኦስሞሲሳዊ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 27 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ፓምፑ ውኃውን ከዚያ በላቀ ግፊት፣ ብዙውን ጊዜ በእጥፍ ገደማ፣ በረቂቅ ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል።

ፓምፑ ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። 400 ዋት የሶላር ፓነል በቀን ለ5 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ እንደ ሠራ ብንቆጥር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። በ50 ዋት ለ12 ሰዓት የሚሠራ ማቀዝቀዣ 0.6ቱን ይወስዳል። መብራት፣ ሬዲዮና ፓምፕ ሲጨመሩበት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሰማዩ ለሦስት ቀን ከተደፈነ ቤተሰቡ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ያጠፋል።

የወቅት ሚዛን

በሞቃታማው ክልል ለመርከበኛ የሚመቹት የንግድ ነፋሳት የሚነሡት፣ በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቦታውን ለመሙላት የሚመጣው አየር በምድር ሽክርክሪት ምክንያት ወደ ምዕራብ ስለሚታጠፍ ነው። ይህን በምድር መሽከርከር ለማስረዳት የሞከረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሃድሊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1735 ነበር። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ ብርቱ ዝናብና ነፋስ አልባ ቀናት ያሉበት ነው። ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ለአገራችን የክረምት ዝናብ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱም የዚሁ ቀበቶ ወደ ሰሜን መምጣት ነው። የኢትዮጵያ ገበሬና የደሴቶቹ መርከበኛ አንድ ሰማይ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

የባሕሩ ወለል ሙቀት ከ26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ግን ይኸው ሙቀት ለሳይክሎን ምግብ ይሆናል። በደቡብ ፓስፊክ አደገኛው ወቅት ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ለሳይክሎን መሽከርከር የሚያስፈልገው የኮሪዮሊስ ውጤት በምድር ወገብ አጠገብ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ከ5 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ሳይክሎን ብዙም አይፈጠርም። ስለሆነም የጀልባ ነዋሪዎች ወቅቱ ሳይደርስ ወይ ወደ ምድር ወገብ ይጠጋሉ፣ ወይ እንደ ኒው ዚላንድ ወዳለ ቀዝቃዛ አገር ይወርዳሉ። የሚሄዱበትን ቀን የሚወስንላቸው ፍላጎታቸው ሳይሆን የባሕሩ ሙቀት ነው።

ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ አሜሪካ ሲመለስ ብቻውን በጀልባ ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያችው ስፕሬይ ዳግም ብቻውን ወጣ፤ አልተመለሰምም። ምን እንደ ደረሰበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። የታሰረ መሪ ጀልባን በአቅጣጫዋ ያቆያል፤ ከፊት የሚመጣውን ግን አያይም። ተማሪዎቻችን የሚዛንን ቀመር ሲያጠኑ ይህንንም አብረው ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ማንኛውም ስሌት የሚጸናው በተሠራበት ሁኔታ ውስጥ ብቻ ነውና፣ ሁኔታው ሲለወጥ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።