ስለ እንዶድ ኬሚስትሪና ስለ ኮምፒውተር ረዳትነት

እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይህ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ስለ ምንድን ነው? ዛሬስ የዕፀዋትን ኬሚስትሪ የሚመረምሩ ሊቃውንት በኮምፒውተር የሚረዱት እንዴት ነው? ይህን በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ በቀር ሰውን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መዝጋት ነው። በኋላም ከፍሬው ተለይተው ከታወቁት ንጥረ ነገሮች አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

አረፋውን የሚያወጡትም፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድሉትም ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የእንዶድ ሳፖኒን ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ኦሊያኖሊክ አሲድ፥ ሁለተኛው ከርሱ ጋራ የተያያዙት ስኳሮች ናቸው። አሲዱ ከቅባት፥ ስኳሩ ከውሃ ጋራ ይስማማል፤ እንደ ሳሙና የሚያጥበውም ስለዚህ ነው።

የዛሬው መርማሪ የፍሬውን ጭማቂ አጣርቶ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል መሣሪያ ይፈትነዋል። ይህ መሣሪያ ሞለኪውሉን ይመዝናል፤ ሰባብሮም ስብርባሪውን ይመዝናል። ምሳሌ እንስጥ። የኦሊያኖሊክ አሲድ ክብደት 456 ያህል ነው። ግሉኮስ የሚባለው ስኳር 180 ነው፤ ሲያያዝ ግን 18 የሚመዝን አንድ የውሃ ሞለኪውል ስለሚወጣ የሚጨምረው 162 ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስት ግሉኮስ ያለው ሳፖኒን 942 ይሆናል። የስብርባሪዎቹ ክብደት በ162 እየቀነሰ ሲሄድ፥ ስኳሮቹ አንድ በአንድ እንደ ተለዩ ይታወቃል።

ከአንድ ጭማቂ ግን እጅግ ብዙ ቁጥር ይወጣል፤ ሁሉን በእጅ ማነጻጸር አድካሚ ነው። ኮምፒውተሩ የሚረዳው በዚህ ነው። የተገኙትን ቁጥሮች ከዚህ ቀደም ከተመዘገቡት ጋራ አነጻጽሮ የሚመስለውን ስም ያወጣል። በ2004 የተከፈተው ፐብኬም የተባለው የኬሚስትሪ መዝገብም ያለ ዋጋ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

ነገር ግን የኮምፒውተሩን መልስ እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል አይገባም። ግሉኮስና ጋላክቶስ የተለያዩ ስኳሮች ሲሆኑ ክብደታቸው አንድ ነው፤ መመዘን ብቻውን አይለያቸውም። ደግሞም የንጥረ ነገሩ ስም መታወቁ መድኃኒት መሆኑን አያስረዳም። እንዶድ መርዝነት ስላለው ማንም ራሱን አክማለሁ ብሎ ሊጠጣው አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ትክክለኛ መዝገብ ነው። እንዶድ ሁሉ ኃይሉ እኩል አይደለም፤ ዓይነት 44 የተባለው ከብዙዎች መካከል በጥናት የተመረጠ ነው። ስለዚህ ተክሉ የት፥ መቼና ከየትኛው ክፍሉ እንደ ተወሰደ መጻፍ፥ ቅጠሉንና አበባውንም አድርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የተሳሳተውን ስም ኮምፒውተር አያርመውም።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፥ በየመንደራችሁ ያሉትን ዐዋቂዎች ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የነገሯችሁን በጥንቃቄ ጻፉ። ሳይጻፍ የጠፋውን ዕውቀት ማናቸውም መሣሪያ ፈልጎ አያገኘውም።