የአያቴ እናት ማን ነበሩ?

አክስቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ይቆላሉ፤ እኔ ደብተሬን ዘርግቼ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። የምፈልገው አንድ ስም ነው፤ የአያቴን እናት።

መጀመሪያ ወረቀት ነበር ያገላበጥኩት። መታወቂያዬ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ፤ እዚያው ያበቃል። የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው፤ ቆጣሪው ቤት ለቤት ዞሮ ሰው ቢመዘግብም፣ ታትሞ የሚወጣው ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም። የልደት ምዝገባም በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። አያቴ ያኔ ከሞቱ ቆይተዋል። ትንሽ የረዳኝ የዕድር መዝገብ ነው፤ እናትና አባት ሲሞቱ ዕድሩ ስለሚከፍል፣ አባል ሲገባ የሁለቱንም ስም ያስጽፋል።

«ቤተ ክርስቲያንስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «የትኛውን ስም ይዘሽ ልትጠይቂ?»

እውነታቸውን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ በፍትሐትም ሆነ በተዝካር የሚጠራው እሱ ነው። በጥንት የብራና መጻሕፍት ውስጥም ለባለቤቱ የሚጸለየው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ስም ነው። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ታዲያ የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። ዘሩን ፍለጋ የሄደ ሰው የሚያገኘው አንዳንዴ የተፋቀውን ቦታ ብቻ ነው።

አክስቴ መቁላቱን አቁመው፣ «አባባ ጎጃም ሳለ በርስት ተሟግቷል» አሉ፤ አባባ የሚሉት አያቴን ነው። ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ እስኪያደርገው ድረስ፣ በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ይቆጥር ነበር፤ ደግሞም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም። ሴት አያቱን የዘለለ ተሟጋች በእሷ በኩል የሚደርሰውን መሬት ያጣል። መታወቂያዬ የረሳቸውን ሴቶች ያስታወሰልኝ ፍቅር አይደለም፤ የመሬት ክርክር ነው።

አክስቴ ያኔ ሕፃን ሆነው የሰሙትን ቆጠሩልኝ። ሰባት ቤት ሞላ። ከሰባቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የአያቴ እናት። የዓለም ስማቸውን ጻፍኩ።

«የክርስትና ስማቸውስ?»

በሩን አዩና ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። እስክሪብቶዬን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«እሱን አትጻፊው፤ ያዢው።»