የቧንቧው ወጪና የተከራዩ ድርሻ

እርሳስ ከመጠጥ ውሃ ጋር ሲቀላቀል መልክም፣ ጣዕምም፣ ሽታም አይሰጥም፤ ዳሩ ግን የሕፃናትን አእምሮ ከዕድገቱ የሚገታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የሌለበት ልክ እንደማይታወቅለት ያስታወቀው መርዝ ነው። በአሜሪካ የምትገኘው የፍሊንት ከተማ በ2006 ዓ.ም. ወጪ ለመቆጠብ ብላ የውሃ ምንጯን ስትለውጥ፣ ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለውን ንጥረ ነገር ሳትጨምርበት ስለ ቀረች፣ ከአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች የሟሟው መርዝ ወደ ነዋሪዎቿ ገበታ ደረሰ፤ ያም ቁጠባ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ አስከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ መለወጥ የጀመሩትን ከተሞች እጅግ ያስቸገራቸው የመሐንዲሱ ሥራ ሳይሆን የባለቤትነት ነገር ነው፤ ይኸውም በመንገድ ሥር ያለው ቧንቧ የከተማው ሲሆን ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ንብረት በመሆኑ፣ ገንዘብ ያለው አስለውጦ ንጹሕ ሲጠጣ፣ ተከራዩ ውሃውን የሚጠጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ቧንቧውን ለማስለወጥ ሥልጣን የሌለው ሆኖ መቅረቱ ነው። በዚያው በአሜሪካ ያለችው የኒዋርክ ከተማም መጀመሪያ ከባለቤቶቹ ድርሻ ጠይቃ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ብድር አግኝታ ሥራውን ያለ ክፍያ ከማድረጓም በላይ፣ ባለቤቱ ባይገኝ ተከራዩ በሩን ከፍቶ እንዲያስለውጥ በሕግ ስለ ፈቀደች፣ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ20 ሺሕ በላይ ቧንቧ ለወጠች።

ይህን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ የማመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ከተሞች የተዘረጋው ቧንቧ በብዛት ብረትና ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን በጋና፣ በማሊና በኒጀር የገጠር ውሃ ላይ የተደረገ ምርመራ እርሳስ ከናስ ከተሠሩ የመክፈቻና የፓምፕ ዕቃዎችም እንደሚመጣ ስላሳየ፣ በርካሽ የሚገዛ መገጣጠሚያ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። የወጪው ክፍፍል ግን ከዚህም ይልቅ ይመለከተናል።

አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበትን ግቢ እናስብ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቍጥር ዋጋው ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢለኩ በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍሉ የነበሩት እነዚህ ሰዎች፣ ፍጆታቸው በአንድነት ሲደመር በባለጸጋው እርከን ይከፍላሉ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ ዝጎ ሲያፈስም፣ መሬት የጠጣው ውሃ በዚያው ቆጣሪ ተቈጥሮ ከእነዚሁ ሰዎች ኪስ ይወጣል። ቆጣሪ የሌለውማ ከጎረቤት በጀሪካን እየገዛ ከሁሉ በላይ ይከፍላል። ስለዚህም ለነዳያን ታስቦ የወጣው ታሪፍ በነዳያን ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እንዲህ ያለውን ለማረም ሕዝብን ማሳተፍ እንደሚገባ በየስብሰባው ሲነገር ይሰማል፤ በአማራ ክልል ገጠር ግን በተግባር የታየ ሥርዓት አለ። የፊንላንድ መንግሥት በደገፈው መርሐ ግብር፣ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ የምንጭና የጕድጓድ ማሠሪያው ገንዘብ በመሥሪያ ቤት እጅ ከመቆየት ይልቅ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል መንደሩ ራሱ ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር፤ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚዋዋለው፣ ደረሰኙንም የሚያስቀምጠው ኮሚቴው ሆነ፤ መንደሩም ድንጋይና አሸዋ እያቀረበ፣ ለጥገና የሚሆነውንም ገንዘብ አስቀድሞ እየቈጠበ ድርሻውን አዋጣ። የሲሚንቶው ዋጋ ስንት እንደ ነበረ ውኃ ቀጂዋ ሴት የምታውቅበት ሒሳብ፣ እኔ እንደማምነው፣ ከብዙ ተቆጣጣሪ ይበልጣል።

ጉልበት ማዋጣት ብቻውን ግን ተሳትፎ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በተራራና በገደል የጐተተው ሰው ጉልበቱ ተወሰደ እንጂ ምክሩ አልተጠየቀም። ዛሬም ነዋሪውን ቦይ እንዲቆፍር ጠርቶ የቦዩን መሥመር ሌላ ሰው የሚወስንለት ከሆነ ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ይልቁንም በቁፋሮ ያልተገኘ የቧንቧ ተራ አይድረሰው ማለት፣ አረጋውያንንና መበለቶችን፣ ቀን ሠርተው ማታ የሚበሉትንም ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

እንግዲህ የዝርጋታው ተራ ከመወሰኑ በፊት የቀበሌው መዝገብ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን ውሃውን የሚጠጡትን ሰዎች ይቍጠር፤ ከቆጣሪው እስከ ግቢው መክፈቻ ያለው ወጪ በውሃ አገልግሎቱ ተከፍሎ፣ በብዙ ዓመት በደንበኛው ሁሉ ሒሳብ ላይ ጥቂት በጥቂት ይመለስ፤ በኮሚቴውም ከባለቤቶቹ ጋር ተከራዮችና ከቦኖ የሚቀዱት ሴቶች ይግቡበት፤ የግዢው ደረሰኝም ከቦኖው አጠገብ ይለጠፍ።