ሞቅ ያለ የምስር ሰላጣ ለጾም ማዕድ

በጾም ወራት የቤት እመቤትን ሁለት ነገር ያሳስባታል። አንደኛው፥ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የዋሉት ቤተ ሰቦቿ የሚበረቱበትን መብል ማግኘት ነው፤ ሁለተኛውም፥ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ወጥ እየቀረበ ማዕዱ እንዳይሰለች ማድረግ ነው። ለሁለቱም ሰላጣ መልካም መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ነገር ግን ሰላጣ ሁሉ አንድ አይደለም።

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፥ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖሩ እመቤቶች ነገሩ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ታላቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ በዳርቻቸውም ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን በዚያው ውኃ ይለማል። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ አፈሩንና ከጀርሙ ብዙውን ያስለቅቃል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ከባድ ማዕድን ግን ማጠብም ሆነ መቀቀል አያጠፋውም። ቧንቧ በተቋረጠ ቀን ደግሞ፥ በጀሪካን ወደ ፎቅ በወጣ ውኃ ቅጠል ደጋግሞ ማጠብ ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ እመቤቲቱ ቅጠል ስትገዛ የበቀለበትን ስፍራ አስቀድማ ትጠይቅ፤ ካላወቀች ግን ሰላጣዋን ከምስርና ከድንች ትሥራ እንላለን።

ምስር እንደ ጊምቢቹ ባሉ የምሥራቅ ሸዋ ደጋማ ቦታዎች በዝናብ የሚበቅል እህል ነው። በእናቶቻችን ባልትና አዚፋ የሚባለውም የምስር ሰላጣ ነው። አዚፋ ቀዝቅዞ ይቀርባል፤ ዛሬ የምናመለክተው ግን ማጣፈጫው ሞቅ እንዳለ የሚፈስበትን ነው፤ ትኩስ ምስርና ድንች ማጣፈጫውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጠጡታልና።

ለ6 ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ ድፍን ምስር 2 ብርጭቆ፥ ድንች 4፥ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፥ ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ፥ ቃርያ 3፥ ሎሚ 2፥ የሰናፍጭ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ፥ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ፥ ጨው በልክ።

አስቀድሞ ሰናፍጩ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ተለውሶ፥ ተከድኖ 15 ደቂቃ ይቆይ። በፈላ ውኃ የተለወሰ ሰናፍጭ አፍንጫን የሚነካ ኃይሉን ያጣል። ምስሩም ተለቅሞና ታጥቦ ሳይፈርስ ይቀቀል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ምስሩ ጥቂት ቢዘገይ አያስደንቅም። ድንቹ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፥ ተልጦ ይከተፍ።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ በመጠነኛ እሳት ላይ ተጥዶ፥ ደቆ የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት እስኪለሰልስ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርቱና ቃርያው በመጨረሻ ይጨመሩ፤ ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራልና። መጥበሻው ከእሳት ወርዶ ትኩሳቱ ሲበርድ፥ የሎሚው ጭማቂ፥ ሰናፍጩና ጨው ይግቡበት። ይህንንም በትኩሱ ምስርና ድንች ላይ አፍስሶ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ ማገላበጥ፥ 10 ደቂቃም አቆይቶ በእንጀራ ወይም በዳቦ ማቅረብ ነው። ማጣፈጫው ለዕለቱ ብቻ ይሠራ፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተነክሮ ከቀን ቀን በጠርሙስ ሲቀመጥ ብርቱ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል።

የዚህ ማዕድ ጥቅም ጣዕም ብቻ አይደለም። ሥጋና እንቁላል በማይበላበት ወራት ምስር ሰውነትን የሚገነባና ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ይሰጣል፤ ሎሚውም ሰውነታችን ብረቱን እንዲቀበል ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ወዲያው ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይህንኑ ይቀንሳሉ። ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፥ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ጀበናውን አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገዩት፥ ለልጆቻችሁም ለራሳችሁም ትጠቅማላችሁ።