ሳይወልቅ የሚቀር የእባብ ቆዳ

በቤት ውስጥ የሚኖሩ እባቦች ቆዳቸው ሲደርቅና ተቆራርጦ ሰውነታቸው ላይ ሲቀር፣ መንስኤው በአብዛኛው በዙሪያቸው ያለው አየር ነው። ቅባት መቀባት የማይፈይደውም ለዚህ ነው።

ጤናማ እባብ አሮጌ ቆዳውን ከአፉ ጫፍ ጀምሮ እንደ ካልሲ እየገለበጠ በአንድ ቁራጭ ያወልቃል። ዝግጅቱ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ከአሮጌው ሥር አዲስ ቆዳ ይበቅላል፤ ቀጥሎም በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ገብቶ ያላቅቃቸዋል። በዚህ ጊዜ የእባቡ ቀለም ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ጭጋግ የለበሰ ሰማያዊ ይሆናል። ዓይኑ መልሶ ከጠራ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳው ይወልቃል። እባቡ ውሃ ካጠረው ወይም አየሩ ከደረቀ አሮጌው ቆዳ አዲሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በቤት ውስጥ በብዛት ከሚረቡት አንዱ የሆነው ቦል ፓይተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘንዶ የሚኖረው በሣር ሜዳና ዛፍ በተበተነበት ምድር ነው። ሜዳው ደረቅ ቢሆንም እንስሳው ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጦች ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው። ስለዚህ የአገሩን የአየር ጠባይ ብቻ አይቶ ደረቅ ቤት መሥራት ያሳስታል። ለቦል ፓይተን ከ55 እስከ 65 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል፤ ቆዳ በሚለውጥበት ወቅት ወደ 70 በመቶ ከፍ ቢል ይመረጣል።

እባቡ የሚኖርበትን የመስታወት ቤት የሚያደርቀው ማሞቂያው ነው። አየር በሞቀ ቁጥር ተን የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 60 በመቶ እርጥበት ያለው የሳሎን አየር ምንም ተን ሳይጎድልበት ወደ 32 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በክዳኑ ወንፊት ላይ የተቀመጠ መብራት ደግሞ ሞቃቱን አየር ወደ ላይ እየሳበ ያስወጣዋል።

ውሃ መርጨት እርጥበቱን ለአጭር ጊዜ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያዘልቅም። የወንፊቱን ከፊል መሸፈን፣ ሰፊ የውሃ ሳህን ማስቀመጥና ወለሉ ላይ እርጥበት የሚይዝ የኮኮናት ቃጫ ወፈር አድርጎ ማንጠፍ ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞስ የተባለው ለስላሳ ተክል ረጥቦ የተነጠፈበት ጠባብ መደበቂያ ነው፤ እባቡ ሲፈልግ ገብቶ ሲበቃው ይወጣል። ውጤቱን በዲጂታል የእርጥበት መለኪያ መከታተል ያስፈልጋል። ከመጠን ያለፈ እርጥበትና የታፈነ አየርም የሆድ ቅርፊትን ያቆስላል፣ ለሳንባ ምችም ይዳርጋል።

ተጣብቆ ለቀረ ቆዳ፣ እባቡን ጥልቀት በሌለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ እየጠበቁ ማቆየት፣ ከዚያም በእርጥብ ፎጣ መካከል እንዲሳብ መተው ይረዳል። የጅራቱ ጫፍ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ እዚያ የቀረ የቆዳ ቀለበት እየጠበበ ደም ይከለክልና ጫፉን ሊያበሰብሰው ይችላል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅርፊት ሲሆን ይህም ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። ቅርፊቱ ቢቀር በወረንጦ መንቀል ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ዓይኑን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ እርጥበቱ ሲስተካከል በሚቀጥለው ቅየራ ይወልቃል።

እርጥበቱ ተስተካክሎም ችግሩ ከተደጋገመ ቅንቅን፣ የቆየ ጠባሳ ወይም የምግብ ጉድለት ሊኖር ስለሚችል እባቡን የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።