በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ወንዝ የሚጠለፍባቸውና የሚለካባቸው ስፍራዎች በካርታ ላይ

የጎንደር ከተማ በሁለት ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ መቆርቆሯ የታወቀ ነው። በምሥራቅ አንገረብ፥ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ፤ ከከተማዪቱ በታች በደቡብ በኩል ከተገናኙ በኋላ ውኃቸው ወደ መገጭ፥ ከመገጭም ወደ ጣና ይገባል። ከተማዪቱ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ታገኛለች፤ የቧንቧ ውኃ የምታገኘው ግን በፈረቃ ነው። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግድቡ በደለል መሞላቱ፥ ሕዝቡ መብዛቱ፥ ቧንቧው ማርጀቱ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከእነዚህ ቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፥ ከየትኛው ወንዝ፥ በየትኛው ቦታ፥ ማን ምን ያህል ውኃ ይወስዳል? ተወስዶ የቀረውንስ የሚለካው መሣሪያ የት ላይ ቆሟል? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ካርታ ነው። አንድ የወንዞች ካርታ ዘርግተን በላዩ ሁለት ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ወረቀቶች አነባበርን። በአንደኛው ወረቀት ላይ በሕግ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውን ጠለፋዎች በቀይ ነጥብ፥ በሁለተኛው ላይ የወንዝ መለኪያዎችን በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን አመለከትን። ባሁኑ ጊዜ ይህ ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ነገር ግን በእጅ ሲሣል ዓይን አይቸኩልም። ሥዕሉ ሲያልቅ ቀዮቹ ነጥቦች በከተማዎች ዙሪያ ተከማችተው፥ ሰማያዊዎቹ በመኪና መንገድ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ከሁለቱ ውጭ ያለው ሰፊው ደጋ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ነጭ መሆኑ ውኃ አይወሰድበትም ማለት አይደለም። ይህ ነጭ ቦታ ከምን እንደ መጣ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀዩ ነጥብ እንናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውኃ አጠቃቀም የራሱ ክፍል አለው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሕግ በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ነው። ይህ አዋጅ የአገሪቱ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት አገልግሎት የሚውለው ውኃም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ያደርጋል። ግድብ የሚሠራ፥ ውኃ ለሌላ የሚያቀርብ፥ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። የከተማ ውኃ አገልግሎት፥ ፋብሪካ፥ ትልቅ መስኖ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ያለ ፈቃድ ውኃ የሚጠቀሙትን ለይቶ ይጠቅሳል፤ እነርሱም በእጅ የተቆፈረ ጕድጓድ የሚጠቀም፥ በባህላዊ መስኖ የሚያለማ፥ በባህላዊ መንገድ ከብት የሚያረባ ወይም ማዕድን የሚያወጣ፥ እንዲሁም የውኃ ወፍጮ ያለው ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ከወገራ እስከ ደባርቅ ያለውን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ ምን እንደሚያስብ ገምት። የደጋው ሰው ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለ! ስለዚህ የፈቃዱ መዝገብ የቱንም ያህል በትጋት ቢያዝ፥ ሕጉ ራሱ እንዳይመዘገብ የተወውን ውኃ ሊያሳይ አይችልም።

ነጻ መደረጉን አንነቅፍም። አባቱ በቆፈረው ቦይ ነጭ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ለፈቃድ ቢሮ ለቢሮ ይዙር ማለት ግፍ ነው። ግን ነጻ መሆንና አለመታየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀላል ስሌት እናድርግ። በሰከንድ 1 ሊትር የሚፈስ ውኃ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ቢወርድ በቀን 86,400 ሊትር ይሆናል። አንድ ሰው ዘሎ የሚሻገረው ቦይ በሰከንድ 20 ሊትር ይወስዳል እንበል፤ በቀን 1,728 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታደል ይህ ውኃ ለ86,400 ሰው ይበቃል። በእርግጥ ቦይ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ከመስኖውም ውኃ ከፊሉ ሰርጎ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ቢሆንም በበጋ ወንዙ በቀጠነ ጊዜ እንዲህ ያሉ ቦዮች በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተከታትለው ቢገኙ የታችኛው ሰው ምን እንደሚቀርለት ግልጽ ነው።

የሌላ አገር ልማድ ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የውኃ መጥለፊያ ፈቃድ በመላው አገር የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ ሕግ ነው፤ ዛሬ በጠቅላላው በቀን ከ20 ሜትር ኩብ በላይ የሚወስድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። የእኛ ምሳሌ ቦይ ይህን ልክ ከ17 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልፈዋል። ልዩነቱ የጥብቅነትና የልልነት አይደለም። የእነርሱ ሕግ የሚጠይቀው «ስንት ትወስዳለህ?» ብሎ ነው፤ የእኛው ግን «በምን ዓይነት ትወስዳለህ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መለኪያ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አይፈልግም። ዛሬ ግን «ባህላዊ» የሚለው ቃል ራሱ እየጠበበ ሄዷል፤ በደንቢያ ሜዳና በርብ ዳር የሞተር ፓምፕ በቦዩ ቦታ ገብቷልና። አንድ ፓምፕ በሰው ጫንቃ ተጭኖ ማታ ወደ ቤት ይገባል፤ ጧት በሌላ ስፍራ ይተከላል። እንዲህ ያለውን ጠለፋ በምን ነጥብ እናመልክተው? እኛ ነጥቡን ትተን በወንዙ ዳር የተሰረዘ መስመር ማድረግን መርጠናል።

ከመዝገብ ውጭ ያለው ጠለፋ ያለ ሥርዓት የሚካሄድ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ባህላዊ መስኖ ባለበት ሁሉ የውኃ አባት አለ። ተራ የሚያወጣ፥ ቦይ የሚያስጠርግ፥ ተራውን ሰርቆ ያጠጣውን የሚዳኝ እርሱ ነው። ማን በየትኛው ቀንና በየትኛው ሰዓት ስንት መደብ እንደሚያጠጣ በቃሉ ያውቃል። ይህ በእኛ ግምት ከማንኛውም ቢሮ የተሻለ መዝገብ ነው፤ ጕድለቱ አንድ ነው፤ ከእርሱ ቦይ በታች ያለውን ሌላ ቦይ አይመለከትም። በላይኛውና በታችኛው መንደር መካከል ጠብ የሚነሣው በዚህ ክፍተት ነው። ካርታ የሚሠራ ተማሪም ለደጋው ቀይ ነጥብ ፍለጋ መጀመሪያ ሊሄድበት የሚገባው ወደ ውኃ አባት ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ሦስት ማዕዘን እንለፍ። የወንዝ መለኪያ ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ማሽን ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን በወንዙ ዳር የተተከለ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ተመልካች ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወርዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር አንብቦ ይጽፋል። ቁጥሩ የውኃውን ከፍታ እንጂ ብዛቱን አይናገርም። ስለዚህ ባለ ሙያዎች አልፎ አልፎ መጥተው የፍሰቱን ፍጥነትና የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ለክተው፥ ይህን ያህል ከፍታ ይህን ያህል ፍሰት ነው የሚል ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ጐርፍ የወንዙን ወለል ሲቆፍረው ወይም በድንጋይ ሲሞላው ሠንጠረዡ ይበላሻል፤ እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል። ደግሞ በክረምት በደጋው ዝናም የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ የትንሽ ወንዝ ጐርፍ በሁለቱ ንባቦች መካከል ሌሊቱን መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ተመልካቹ ጧት የሚያነበው ያለፈውን ጐርፍ ጭራ ነው።

በዓባይ ተፋሰስ ካሉት መለኪያዎች ብዙዎቹ የተተከሉት የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ባካሄደው ጥናት ዘመን ነው። የመለኪያዎቹን ስም ብቻ ማንበብ ብዙ ያስተምራል፤ መገጭ በአዘዞ አጠገብ፥ ርብ በአዲስ ዘመን አጠገብ፥ ግልገል ዓባይ በመራዊ አጠገብ ይላል። ሁሉም የመኪና መንገድ ከተሞች ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ድልድይ ያለበት ቦታ ለመለካት ይመቻል፥ ባለ ሙያውም በመኪና ይደርሳል። ነገር ግን መለኪያው መንገድን፥ ፈቃዱም ቢሮን ከተከተለ፥ ውኃው ሁለቱንም ስለማይከተል፥ በላይ በገደሉ ውስጥ የሚሆነው ሳይታይ ይቀራል። በአዘዞ ያለው የመገጭ መለኪያ ከበላዩ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት አለው፤ በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ግን ያ መሬት ያፈለቀው ውኃ አይደለም፥ ቦዮችና ጕድጓዶች ከወሰዱ በኋላ የተረፈው ነው። ጠለፋውን ሳናውቅ ቁጥሩ ቢቀንስ ዝናም ጐደለ እንላለን፤ ምናልባት የጐደለው ዝናም ሳይሆን የጨመረው ቦይ ነው።

ይህ ተራ ጭንቀት እንዳልሆነ የጣና ታሪክ ያሳያል። የጣና ተፋሰስ ከነሐይቁ 15,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቁ ብቻውን 3,000 ያህል ይሆናል። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ ይሰጣሉ ሲባል ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደግሞ መለኪያ ከሌለበት መሬት የሚመጣው ከ40 በመቶ በላይ መሆኑን ገመተ። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ የተለያየው ያልተለካውን የመገመቱ መንገድ ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሄድን እንደ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከተማዪቱን አልፈን ጥቂት ከወጣን በኋላ የጣና ተፋሰስ ያልቃል፤ የወገራና የስሜን ውኃ ወደ ተከዜና ወደ አትባራ ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለ ሥልጣኖች እንዲቋቋሙ ሲደረግ፥ አንዱ ደጋ በሁለት ተፋሰሶች ተከፈለ ማለት ነው። በሌላ በኩል የቀድሞው የሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በሦስት ዞኖች ተከፈለ፤ የድሮ መዝገብ «ሰሜን ጎንደር» ሲል የዛሬውን ሰሜን፥ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር በአንድነት ማለቱ ነው። የስም ነገር ከተነሣ አይቀር፥ አንገረብ የሚባሉ ወንዞች ሁለት ናቸው። ትንሹ በጎንደር አጠገብ ወርዶ ወደ ጣና ይገባል፤ ትልቁ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ወደ አትባራ ይሄዳል። በመዝገብ ላይ «አንገረብ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ጠለፋ በየትኛው ተፋሰስ እንደሚቆጠር ማንም በስሙ ብቻ ሊለይ አይችልም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በአዲንዳን መነሻ ነጥብ ላይ ተመሥርተው ነው፤ በእጅ ስልክ ላይ ያለው የሳተላይት መሣሪያ ግን የዓለሙን መነሻ ይከተላል። ሁለቱ ሳይታረቁ ቢደባለቁ አንድ ነጥብ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። በደንቢያ ሜዳ ላይ 200 ሜትር ብዙ አይጎዳም፤ በስሜን ገደል ላይ ግን ምንጩን ከሸንተረሩ ወዲያ ማዶ ያውለዋል።

ስለዚህ በካርታችን ላይ ሦስተኛ ወረቀት ጨምረናል። ባህላዊ ቦይ በአረንጓዴ፥ የውኃ ወፍጮ በክብ ምልክት ይገባበታል። ወፍጮን ከቦይ የለየነው የወሰደውን መልሶ ስለሚያፈስ ነው፤ ቢሆንም ሰሌዳው በወፍጮው መጥለፊያና መመለሻ መካከል ከቆመ ንባቡ ከእውነቱ ያንሳል። በዚህ ወረቀት ላይ በከተማዪቱ ውስጥ አንድ ምልክት ጨምረናል፤ ለጥምቀት ከቀሃ ውኃ የሚገባበት የፋሲል መዋኛ ነው። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዪቱን ከመሠረቱት ከዐፄ ፋሲለደስ ጋር ስሙ የሚነሣው ይህ መጥለፊያ ያለ ፈቃድ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በምን ቀለም እንደሚገባ ስንከራከር ውለን በመጨረሻ አረንጓዴ ሰጠነው።

ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ስናይ አዲስ መለኪያ ቢገኝ በመጀመሪያ የሚተከልበት ቦታ ይታያል። በ1980ዎቹ የተሠራው የአንገረብ ግድብ ሲሠራ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ነበር፤ ደለሉ ይህን ልክ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሰዋል። ከግድቡ በላይ አንድ፥ በታችም አንድ ሰሌዳ ቢኖር የሚገባውና የሚለቀቀው ይለያል፤ የላይኛው ተመልካች በጐርፍ ቀን አንድ ጠርሙስ ውኃ ቢቀዳ ደለሉም ይመዘናል። ሁለተኛው ቦታ መገጭ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት በደንቢያ ነው። ከአዘዞ በታች ፓምፖቹ የሚወስዱት ውኃ በአዘዞው ሰሌዳ ላይ ከቶ አይታይም፤ ግንባታው ብዙ ዓመት የፈጀው የመገጭ ግድብም ውኃውን ለከተማዪቱና ለደንቢያ መስኖ ለማካፈል የታሰበ እንደ መሆኑ፥ ከማካፈሉ በፊት በታች ያለው ገበሬ አሁን ምን ያህል እንደሚወስድ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ቁጥር ሰሌዳ፥ አንድ ደብተርና በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወርድ፥ ደመወዙም በወቅቱ የሚከፈለው ሰው ነው።